ገባልሽ ወይ?

ጅዳ፣ ሩዋይስ ሰፈር፣ በማዳሟ ማድ ቤት ውስጥ የሚስከር አውራ ጣት ስልኳ ላይ «ልቀቅ» ከሚለው ምልክት በላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። ለአባቷ ቀዶ ሕክምና ያጠራቀመችው ዲጂታል ዶላር ሽያጩ እስኪያልቅ በኢንተርኔት መገበያያው መያዣ ውስጥ ተቆልፏል። ገዢው ደሴ ላለችው እናቷ የዶላሩን ዋጋ በብር በባንክ ሲያስገባ ዶላሩን ትለቅለታለች፤ አንዴ ከለቀቀች ግን መመለሻ የለውም።

«እህቴ፣ ደረሰኙን ፎቶ አንስቼ ላክሁልሽ እኮ! ወላሂ አስገብቻለሁ፣ ያላ ልቀቂ!» አለ ገዢው በድምፅ መልእክት።

«ፎቶ ተቀብሎ የሚያክም ሐኪም ካወቅህ ጠቁመኝ» ብላ መለሰችለትና እናቷ ጋ ደወለች። «እማ፣ ብር ልኬልሽ ነበር። ገባልሽ ወይ?»

«ገብቷል ልጄ፣ አልሃምዱሊላህ! አላህ ይጨምርልሽ።»

ሚስከር በረጅሙ ተነፈሰችና ምልክቱን ተጫነችው። መያዣው ባዶ ሆነ። ሲወተውታት የቆየው ገዢ አመሰግናለሁ እንኳ ሳይላት ጠፋ።

«እማ» አለች ቀስ ብላ፣ «ባንክ ማን ሄዶ አየልሽ?»

እናቷ ሳቀች። «ምን ያስሄዳል? አንቺ ልኬያለሁ ካልሽ ገባ ማለት አይደል? እኔ ልጄን ልጠራጠር ኖሯል?»