ሁለት ሚሊሜትር

መሐንዲሱ የግድቡን በር ለመንደፍ ሦስት ዓመት ፈጅቶበታል። ጡረታው ደርሷል፤ በሩ ስሙ የሚነሳበት የመጨረሻ ሥራው ነው።

የውሃውን ግፊት ያሰላችለት ራሱ ኮትኩቶ ያሳደጋት ባለሙያ ናት። የአሥርዮሽ ነጥብ ስለማትዘል ቢሮው «ነጥቧ» ይላታል። ቢሮው የኳንተም ኮምፒዩተር የሚጠቀምበት የይለፍ ቃል ያለው እሷ ጋ ብቻ ነበር። ማሽኑ ብርቅ ስለሆነ ተቋማት በሰዓት ይካፈሉታል። ኮሌጅ ሒሳብ የምታስተምረው ሚስቱ እንኳ «ማክሰኞ የኮሌጃችን ተራ ነው፤ እንዳትነኩብን!» እያለች ትቀልድበታለች።

እሑድ ምሳ ላይ ንድፉን ዘርግቶ ደስ ብሎት አጫወታት።

«በሩን ከአርባ ወደ ሠላሳ ስምንት ሚሊሜትር አሳሳሁት። ሐሙስ ለቢሮው አስረክባለሁ።»

«ደግመህ አሰላኸው?»

«ሁለት ሚሊሜትር ምን ያመጣል ብለሽ ነው!»

ሚስቱ ከግድቡ በታች የምትኖረው እህቷ ሰላም እንዳለችው ነገረችውና ሳህኖቹን አነሳች።

ረቡዕ ጠዋት ኃላፊው ፊርማ የሌለው ሪፖርት ሰጠው። ስሌቱ የተሠራው በኳንተም ኮምፒዩተር ነው። የድሮው ኮምፒዩተር በደፈናው የሚያልፋቸውን ትንንሽ አዙሪቶች አንድ በአንድ ተከትሎ፣ በሩ ሲንቀጠቀጥ ከርሞ ይሰበራል ይላል።

መሐንዲሱ ከመጀመሪያው ገጽ አላለፈም። ነጥቧን አስጠራት።

«ጋሼ፣ እኔ አይደለሁም! እኔ ያሰላሁት የሰጡኝን አርባውን ነው፤ እሱ ደግሞ ምንም እንከን አልተገኘበትም።»

«የይለፍ ቃሉ ማን ጋ ነው ያለው?»

«እኔ ጋ።»

«በቃ፣ ጨርሰናል።»

እንደ ልጁ ያያት ነበር፤ ጡረታው አፋፍ ላይ ጉድ ሠራችው። ወይ እሷ ወይ እኔ ብሎ ደብዳቤ ጻፈ። ነጥቧ ከምሳ ሰዓት በፊት ዕቃዋን በካርቶን ይዛ ወጣች። አንገቷን ደፍታ በመስኮቱ ሥር ስታልፍ አይቶ ፊቱን አዞረ።

ቤት ሲገባ «ተከዳሁ» አላት ሚስቱን። «በገዛ ሰዬ ተከዳሁ።»

እሷም እጁን ያዘችው እንጂ ማን ብላ አልጠየቀችም።

ሐሙስ ጠዋት፣ ቢሮው ያላየው አዲሱ ንድፍ ገና ከቦርሳው ሳይወጣ፣ ለሪፖርቱ መልስ ሊጽፍ ተቀምጦ ሁለተኛውን ገጽ ገለጠ።

«የበሩ ውፍረት፦ ሠላሳ ስምንት ሚሊሜትር» ይላል።