የተነሳባት ቃል

በዚያ ዘመን ለዳይሬክተሮች ቦርድ የሚመረጡ ሴቶች የአመራር ስልጠናውን ሲጨርሱ «ይቅርታ» የሚለው ቃል ከአንደበታቸው ይነሳላቸው ነበር። ለወንዶቹ አላስፈለገም፤ ድሮም ብዙ አይሉትም።

የባቡር ድርጅቱ አዲስ የቦርድ አባል ፈትለወርቅ፣ በመጀመሪያው ስብሰባ ሰብሳቢው ሲያቋርጣት «አልጨረስኩም» አለችው። እሱም አስጨረሳት። ደስታዋን ለባሏ ለምንተስኖት ልትነግረው እየከነፈች ቤት ገብታ ሶፋው ላይ ዘፍ ስትል፣ ከስሯ አንድ ነገር ቋ ብሎ ተሰበረ። ምንተስኖት ለልጃቸው ልደት ክረምቱን ሙሉ ሲሠራው የከረመው ክራር ነበር።

ክው አለች። ይቅርታ ልትለው አፏን ከፈተች። የወጣው ግን «በውሳኔዬ እጸናለሁ» የሚል ሆነ።

«መቀመጥሽ ነው ውሳኔው?» አለ ምንተስኖት ፊቱ ጠቁሮ።

ደግማ ሞከረች። «ወደ ቀጣዩ አጀንዳ እንለፍ» አለ አፏ፤ እንባዋ ግን ዱብ ዱብ አለ። ተንበርክካ ስብርባሪውን ትለቅም ጀመር። ምንተስኖት ጥቂት አያት፤ ንዴቱ በረደለትና አጠገቧ ቁጢጥ አለ።

«ተይ በቃ፣ ሶፋ ላይ የተውኩት እኔ ነኝ፤ ይቅርታ» አላት።

በትዳራቸው ይህን ቃል ከአፉ ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነበር። ፈትለወርቅ እንባዋን ጠረገች።

«እስኪ ድገመው» አለችው።