ስምንተኛው አሃዝ

«ለመሆኑ ኤሌክትሮን በዓይንሽ አይተሽ ታውቂያለሽ?» አላት ዶክተር ዮፍታሄ።

ኢሊሊ አላየችም። ማንም አላየም። ጥያቄው ግን መልስ አይፈልግም፤ የሚፈልገው ሳቅ ነበር። የሚስቅ ስላልተገኘ ራሱ ሳቀ።

መቱ ከተማ፣ የዩኒቨርሲቲው ስብሰባ ክፍል። ከጠዋቱ አራት ሰዓት። ዝናብ። ጠረጴዛው ዙሪያ ሦስት ሰዎች፦ ከሳሹ ዶክተር ዮፍታሄ፣ የዲሲፕሊን ኮሚቴው ሰብሳቢ አቶ ነገራ፣ ቃለ ጉባኤ ያዥዋ ወይዘሮ ትህትና። ተከሳሿ ኢሊሊ ለብቻዋ፣ ግድግዳው ሥር።

ክሱ አጭር ነው፦ የሰው ሥራ ገልብጣለች። ኢሊሊ የማስተርስ ጥናቷን የሠራችው ቡና ውስጥ ያለ አሲድ ብረት ሲይዝ በሚፈጠር ሞለኪውል ላይ ነው። ኤሌክትሮኖቹ እንዴት ይደረደራሉ? ስንቶቹ ያለ ጥንድ ይቀራሉ? ማግኔት ይስበዋል ወይስ አይስበውም? ይህ በብልቃጥ ሳይሆን በኮምፒውተር የሚፈታ ነው፤ ስሌቱ ቀናት ይፈጃል። አማካሪዋ ዶክተር ዮፍታሄ በዚያው ሞለኪውል ላይ ከስድስት ወር በፊት ጽሑፍ አሳትሟል። በራሱ ስም ብቻ። የእሷ ቁጥሮችና የእሱ ቁጥሮች እስከ ስምንተኛው አሃዝ ድረስ አንድ ናቸው።

«እስከ ስምንተኛው!» አለ። «መንትዮች እንኳን በአፍንጫ ይለያያሉ።»

«ጥያቄው አንድ ከሆነ መልሱም…»

«በተለያየ ማሽን ሲሰላ የመጨረሻዎቹ አሃዞች ይንሸራተታሉ። ይህን አላስተማርኩሽም?»

አስተምሯታል። አንገቷን ደፋች።

ቦርሳዋ ውስጥ የተገኘው የእሱ ጽሑፍ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል። በእርሳስ ተሰምሮበታል። ከመስመሮቹ አንዱ ወረቀቱን ቀዶታል።

«ዱበዹ ኢንታሎ፣ ተናገሪ እንጂ» አሏት አቶ ነገራ። «የራስሽ ስሌት ፋይል የት አለ?»

«ላፕቶፔ ተቃጠለ ጋሼ። ስሌቱን በየጊዜው ያቋርጥብኝ የነበረው መብራት ሄዶ ሲመለስ…»

«መብራት!» ዶክተር ዮፍታሄ ወደ ኋላ ተለጠጠ። «አገርሽ ዳሪሙ ውስጥ መቼ ገባና ነው የሚጠፋው? ጋሼ ነገራ፣ ኩራዝ ለምዳ የመጣች ልጅ መብራት ስትከስ ሰምተው ያውቃሉ?»

አቶ ነገራ አልሳቁም። ወይዘሮ ትህትና ጻፈች።

«ዶክተር፣ ፋይሉን በፍላሽ ሰጥቼዎት ነበር» አለች ኢሊሊ። «እንዲያዩልኝ።»

«የሰጠሽኝ ፍላሽ ላይ የነበረው ቫይረስና የሠርግ ዘፈን ነው።»

ይህንንም ወይዘሮ ትህትና ጻፈች። ‹ቫይረስና የሠርግ ዘፈን›።

ዶክተር ዮፍታሄ አንድ ወረቀት ወደ ኢሊሊ ገፋ። ራሱ የተየበው የእምነት ቃል ነው። ብትፈርም ትባረራለች። ባትፈርምም ትባረራለች፤ ልዩነቱ፣ ሌላ ተቋም እንዳይቀበላት ደብዳቤ ይከተላታል። ኡካ ከተማ ውስጥ ታስተምርበት የነበረው ትምህርት ቤት ለትምህርት የላካት ዲግሪ ይዛ እንድትመለስ ነው። ባዶ እጅ ለመጣ ቦታ የለውም።

«እኔ ቤልጂየም ሦስት ወር የከረምኩት ለሽርሽር አይደለም» አለ። እውነቱን ነው፤ ቢሮው ውስጥ በበረዶ መሐል የተነሳው ፎቶ ተሰቅሏል። «የእነሱን ኮምፒውተር አንድ ጊዜ አዘዝኩት። ሳይቋረጥ አሥራ አንድ ቀን ሄደ፤ አለቀ። መብራት መጥፋት የሚባለውን እዚያ ሕፃናት በተረት እንኳን አያውቁትም። ይኸው ዋናው ፋይል!»

ፋይሉ በፕሮጀክተር ግድግዳው ላይ በራ። የቁጥር ዓምድ፣ ከሥሩ የቁጥር ዓምድ። በአንድ ጣት መጨረሻው ላይ አደረሰው። ስምንቱ አሃዞች እዚያ ነበሩ። ኢሊሊ ለረጅም ጊዜ አየቻቸው።

«ከመጀመሪያው ያድርጉልኝ ዶክተር» አለች ወይዘሮ ትህትና። «ማስረጃ ገጽ በገጽ ታይቶ ነው የሚመዘገበው።»

«ዘጠና አራት ገጽ ነው እትዬ ትህትና! መሐሉን ኬሚስት እንኳን አያነበውም። መልሱ ያለው መጨረሻው ላይ ነው።»

«መመሪያው ነው።»

«ሳይንስ በዚህ አገር የሚሞተው በመመሪያ ነው» አለ ለአቶ ነገራ። ከዚያ ስልኩን አወጣ። በአንድ እጁ ገጹን እየገፋ፣ በሌላው መልእክት ያነብ ጀመር። ወይዘሮ ትህትና በየገጹ በእርሳስ ጭረት ታደርጋለች። ከጭረቶቹ ጎን አልፎ አልፎ ነጥብ።

«ይቺ ‹ሪስታርት› የምትለዋ ምንድን ናት? ምን ብዬ ልጻፋት?»

ዓይኑን ከስልኩ አላነሳም። «ማሽን ተቋርጦ ሲነሳ፣ ከቆመበት ሲቀጥል የሚጽፋት ናት። እርስዎ ሹራብ ጀምረው ይተዉትና በማግስቱ ከተዉበት አይቀጥሉም? እንደዚያ።»

«ገባኝ። እግዜር ይስጥልኝ።»

ዘጠና አራተኛው ገጽ አለቀ። ግድግዳው ነጭ ሆነ።

ኢሊሊ እስክሪብቶውን አነሳች። የእምነት ቃሉ ሥር የስሟን የመጀመሪያ ፊደል ጻፈች።

«ይህ ሁሉ ከመጀመሪያው አንድ ፊርማ ነበር» አለ ዶክተር ዮፍታሄ። «ጠዋታችንን በላሽው።»

«ቆይ» አሉ አቶ ነገራ። «ቃለ ጉባኤ ሳይነበብ ፊርማ የለም። ያንብቡት ወይዘሮ ትህትና።»

ዶክተር ዮፍታሄ ሰዓቱን አየ። ወይዘሮ ትህትና መነጽሯን አስተካክላ፣ የገበያ ዕቃ ዝርዝር በምታነብበት ድምፅ አነበበች።

«‹ዶክተር ዮፍታሄ እንዳስረዱት፣ ስሌቱ መብራት በማይጠፋበት በቤልጂየም አገር አንድ ጊዜ ታዞ፣ ሳይቋረጥ፣ በአሥራ አንድ ቀን ተጠናቋል። በማስረጃነት ያቀረቡት ዘጠና አራት ገጽ ፋይል አሥራ ሰባት ጊዜ ተቋርጦ ከቆመበት የቀጠለ ነው።› የሳትኩት ነገር አለ ዶክተር?»

ዶክተር ዮፍታሄ ሊወጣ ተነስቶ በሩን ከፈተ። አቶ ነገራ ከኋላው እጃቸውን ሰደዱና፣ ሳያስወጡት፣ በሩን ከውስጥ መልሰው ዘጉት።