ባጃጅ የቀደመችው ልጅ

መምህር ወልደተንሣኤ ሌይላን መጀመሪያ ያያት ባጃጅ ውስጥ ተቀምጦ ነው። እሷ በጎን በኩል ትሮጥ ነበር። የበረሳ ወንዝ ድልድይ አጠገብ መንገዱን በግ ዘጋው። ባጃጁ ቆመ። ልጅቷ በበጎቹ መሀል ሾልካ ከዓይን ጠፋች።

«ይቺ ደግሞ የማን ናት?» አለ።

«የእናንተው ተማሪ ናት እኮ ጋሼ» አለ ሹፌሩ። «ሁልጊዜ በዚህ ሰዓት ናት። አንድ ቀን ነይ በነጻ ላድርስሽ ብላት፣ እኔ እንዳንተ በየፌርማታው አልቆምም ብላኝ ሄደች።»

ወልደተንሣኤ ደብረ ብርሃን ውስጥ ባለ አንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት ስፖርት ያስተምራል። የትምህርት ቤቱ ሜዳ በበጋ ድንጋይ ነው፤ በክረምት ኩሬ። ካሉት ኳሶች ደህነኛው ጠዋት ተነፍቶ እስከ ምሳ ይተነፍሳል። ለዞን ውድድር አንድ ሯጭ አሰልፎ አያውቅም፤ በዚህም ቀልደውበታል።

ከዚያን ቀን ወዲህ የምሳ ደወል ሲደወል በር ላይ ይቆም ጀመር። ሌሎቹ ልጆች እየተጓተቱና እየተሳሳቁ ይወጣሉ። ሌይላ ግን ቦርሳዋን አንገቷ ላይ አጥልቃ እንደተለቀቀ ጥጃ ትፈተለካለች። ብርዱ፣ ነፋሱ፣ ጭቃው ምኗም አይደለም።

«ልጅ ሲሮጥ ካየሁ ቀኑ ይበቃኛል» ይል ነበር።

አንድ ቀን ጠዋት ጠራት።

«ማን ነው የሚያሠለጥንሽ?»

«ማንም፣ ቲቸር።»

«ሰዓት የሚይዝልሽም የለም?»

«እህቴ አለች። በር ላይ ቆማ ትጠብቀኛለች።»

«ብትዘገዪስ?»

«ትጮህብኛለቻ!»

ወልደተንሣኤ እጁን አጨበጨበ። ልጅቷ አሠልጣኝ አላት ማለት ነው።

ሜዳው ላይ አወጣትና ከሌሎች ልጆች ጋር አሰለፋት።

«ሩጪ።»

«ወዴት?»

«ዙሪያውን። ዞረሽ እዚሁ ትመጪያለሽ።»

«እዚሁ?» ሌይላ ግራ ተጋባች። «እዚሁማ ደርሻለሁ።»

ልጆቹ ሳቁ። ሮጠች፤ ግን እንደ መንገዱ አልሆነላትም፤ ከመጨረሻዎቹ ጋር ገባች። ወልደተንሣኤ ድንጋዩን አየ፣ ጫማዋን አየ፣ ራሱን ነቀነቀ። ጥፋቱ የሜዳው ነው።

በዚያው ሰሞን የዓመቱ ድጎማ ለትምህርት ቤቱ ደረሰ። ለአንድ ነገር ይበቃል፤ ለሁለት አይበቃም። ርእሰ መምህሩ አቶ ሰይፈሥላሴ የወላጆችና የመምህራን ኮሚቴውን ሰበሰቡ።

«ሜዳው ይስተካከል፤ የመሮጫ መም ይሠራ» አለ ወልደተንሣኤ። «ጫማም ይገዛ። ሌይላን አሁን ካልያዝናት ታመልጠናለች።»

የሒሳብ መምህርቷ አስካለ ተነሣች። «በእኔ ክፍል ለአንድ ዴስክ አንድ መጽሐፍ እንኳ አይደርስም። ልጆቹ ጭንቅላታቸውን እያጋጩ ነው የሚያነቡት። አንተ ደግሞ ጫማ ትላለህ።»

«በዓይኔ አይቻታለሁ! ባጃጅ ትቀድማለች!»

«የምሳ ሰዓት አይደል? ርቧት ይሆናላ።»

«የራበው ሰው ባጃጅ አይቀድምም፣ አስካለ።»

«ባለቤቴ የምትሠራውን ሽሮ አላየህም» አሉ አንድ ወላጅ፤ ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ሌላው ደግሞ «ዛሬ ዘመን ሩጫም እንጀራ ነው፤ አትናቁት» አሉ። ክርክሩ ደመቀ። አቶ ሰይፈሥላሴ እጅ አስወጡ። መጽሐፍ አሸነፈ።

«ልጅቷን ገደላችኋት» አለ ወልደተንሣኤ።

«ልጅ በመጽሐፍ ሞቶ አያውቅም፣ ወልዴ» አለች አስካለ።

መጻሕፍቱ መጡ፤ ለየተማሪው ታደሉ። በማግሥቱ የምሳ ደወል ተደወለ። ወልደተንሣኤ እንደ ልማዱ በር ላይ ቆመ።

ሌይላ ወጣች። በእግሯ እየተራመደች። ከጓደኞቿ ጋር ቆሎ እየተሻማች፣ መንገድ ዳር ለተኛ ውሻ ሳይቀር እየቆመች። ባጃጁ አለፋት። ሹፌሩ አንገቱን አውጥቶ «ጋሼ፣ ልጅቷን አመማት እንዴ?» አለ።

በሌላውም ቀን እንደዚያው ሆነ። በሳምንቱም እንደዚያው።

ወልደተንሣኤ መምህራን ማረፊያ ገብቶ ወንበር ላይ ዘፍ አለ። «ሰምታለች። ስብሰባ ላይ ያልነውን ሁሉ ሰምታለች። አኮረፈች፤ በቃ ሩጫዋን ተወች።»

አስካለ የምታርመውን ፈተና አስቀመጠች። መጀመሪያ ልትቀልድ ነበር። ፊቱን ስታይ ተወችው።

«ጫማዋ ስንት ቁጥር ነው?» አለች።

ደመወዝ የወጣ ቀን አብረው ገበያ ሄዱ። ዋጋውን ለሁለት ከፈሉት። ወልደተንሣኤ ሶሉን እያጠፈ ፈተሸ፤ አስካለ ቀለሙን መረጠች፤ እንደ ብርቱካን የሚያበራ። ወልደተንሣኤ ይሄ ያስቃል አላት። ይሳቃ፣ ከሩቅ ትታያለች አለችው።

ሌይላን ጠርተው ጫማውን ሰጧት። አጠለቀችው፤ ልክ ሆነ። ሁለቴ ሦስቴ ዘለለች።

«አላህ ይስጥልኝ ቲቸር! ለሁለታችሁም!»

«ይቅርታ አድርጊልን ልጄ» አለች አስካለ። «ክፉ አስበን አይደለም። ሜዳውም በሚቀጥለው ዓመት ይሠራል።»

«አንቺ ብቻ አታኩርፊ» አለ ወልደተንሣኤ።

«ኧረ መች አኮረፍኩ!»

«ታዲያ መሮጥ ለምን ተውሽ?»

ሌይላ አንዴ እሱን፣ አንዴ አስካለን አየች። የሚቀልዱባት መሰላት።

«ቲቸር፣ እህቴ እኮ ወንዙን ተሻግሮ ባለው ትምህርት ቤት የከሰዓት ተማሪ ናት፤ በአንድ መጽሐፍ ነበር የምንማረው። አሁን የየራሳችን መጽሐፍ አለን።»