ይህ ወጥ የማን እጅ ነው

ጭቃ ሹም አለበል አራተኛውን ጉርሻ ወደ አፋቸው ሲያደርሱ ድንገት ቆም አሉ።

«ይህ ወጥ የማን እጅ ነው?»

የቤቱ ባለቤት ተሻገር መሶቡን ወደ እሳቸው አስጠጋ። ጭቃ ሹሙ የሚስቱ አባት ናቸው። ሚስቱን ወለተ ሚካኤልን «ወጥ መሥራት ደግሞ ምን ሥራ ነው» ባላት ማግስት ነጠላዋን አጣፍታ ስማዳ አባቷ ቤት ከገባች ወር አልፏታል። ዛሬ አባቷ ለእርቅ ይዘዋት መጡ፤ የነፍስ አባታቸው ቄስ ቀለመ ወርቅም አሉ። እሷ ግን ነገሩ ሳያልቅ ደጁን አልረግጥም ብላ ውጪ ከወይራው ጥላ ሥር ተቀምጣለች።

ተሻገር ለሽማግሌ ባዶ ገበታ ላለማቅረብ ከንጋት ጀምሮ ሲታገል ነበር። ከቅርጫ የደረሰውን ሥጋ በቢላ ከትፎ ከትፎ አደቀቀው። የመካነ ኢየሱስ ትምህርት ቤት መምህር ከጓሯቸው የሰጡትን ጥቅል ጎመን ከየት ጀምሮ የት እንደሚጨርስ ግራ ቢገባው እንደ ጭድ ቆራረጠው። ሽንኩርቱን፣ ቅቤውን፣ በርበሬውን ሁሉንም ባንድ ድስት አደረገው፤ ሁለተኛ ድስት የት እንዳለ አያውቅም ነበር። ከድኖ ተቀመጠ። ክፋቱ ወጡ ጣፈጠ።

በእኅቱ በላቀች ሊያመካኝ ሲል ጭቃ ሹሙ ቀደሙት። እንጀራው የላቀች መሆኑን አውቀዋል። ወጧን ግን የሠርጉ ዕለት ቀምሰዋል፤ ጨው መብዛቱን እስከ ዛሬም አልረሱትም።

«እዚህ ቤት ሌላ ሴት ገብታለች» አሉ ወደ ቄሱ ዞረው። «ልጄን ይዤ እመለሳለሁ።»

ቄስ ቀለመ ወርቅ መብላታቸውን ሳያቋርጡ ተሻገርን በእግዜር ስም እውነቱን እንዲያወጣ ለመኑት። ተሻገር አንገቱን ደፋ። ማጀት የገባ ወንድ ገበያ ላይ ምን ተብሎ እንደሚጠራ ያውቃል። ደግሞም ሌላ ሴት ገብታለች የተባለ እንደሆነ ወለተ ሚካኤል መቼም አትመለስም።

«የሠራሁት እኔ ነኝ» አለ።

ጭቃ ሹሙ ሳቁ፤ የደግ ሳቅ አልነበረም። ቄሱ እንግዲያው እፊታችን ሠርቶ ያሳየን ሲሉ ፈረዱ። ያልበሰለ ሥጋና ጎመን ተርፏል፤ ድስቱ ግን ተጠርጎ ነበርና ፍርዱን የተቃወመ የለም።

ተሻገር ጋቢውን ጥሎ ምድጃው ሥር ተንበረከከ። ሽንኩርቱን ሲከትፍ እንባው ቢወርድ ቄሱ ንስሐ መስሏቸው አጽናኑት። ጭቃ ሹሙ ለመመርመር ብለው ከመደቡ ወርደው አጠገቡ ቁጢጥ አሉ። ጥቂት ቆይተው ቅቤው የሚገባው መቼ እንደሆነ ጠየቁት፤ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ቄሱ እንዳይሰሙ። እሳቱ ሲዳከምም እፍ ያሉት እሳቸው ናቸው።

ወለተ ሚካኤል ጠብ ስትጠብቅ የቁሌት ሽታ ቢመጣባት ተነሥታ ገባች። ባሏ እንባውን በክንዱ እየጠረገ ድስት ያማስላል። አባቷ ጢማቸው ዐመድ ለብሶ ፍልጥ ያስጠጋሉ። ከበሩ ላይ ረጅም ጊዜ ቆመች። ከዚያ ምድጃውን አልፋ ሄዳ አባቷ ከለቀቁት መደብ ላይ ተቀመጠች።

ተሻገር ድስቱን አወረደ። ውኃ በማንቆርቆሪያ ይዞ ፊቷ ጎንበስ ሲል እጆቿን ዘረጋችለት። ጣቶቿ ከታጠቡ ቆይቷል፤ እሷ እጇን አላነሣችም፣ እሱም ማፍሰሱን አልተወም።