ከፍተሻ ነፃ

ጣጣው የጀመረው በሠርግ ቪዲዮ ነው።

ልደታ ማርያም አጠገብ፣ አንድ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ የሦስት መቶ አባወራዎችን የቤት ሰነድ የያዘ የቤት ሠሪዎች ማኅበር አለ። ሥራ አስኪያጁ አቶ ሀብተሥላሴ የእህታቸውን ልጅ ሠርግ በፍላሽ አምጥተው ወደ ፎልደራቸው ሲገለብጡ አንቲቫይረሱ ጮኸ። የኮምፒውተር ባለሙያውን ኣሉላን አስጠሩት።

«የእኔን ፎልደር ፈትሽ ብሎ ያዘዘው ማነው?»

«ሁሉንም ነው የሚፈትሸው፣ ጋሼ።»

«ሁሉም ውስጥ እኔም አለሁ?»

ኣሉላ አንገቱን ደፍቶ የአለቃውን ፎልደር ከፍተሻ አስወጣው። ባለሙያ ተብዬው የሚፈራው ቫይረስ ሳይሆን ግልምጫ ነው።

በሳምንቱ ምክትሏ ወይዘሮ ዕፀገነት «እኔ ሌባ ነኝ እንዴ የምፈተሸው?» ብለው መጡ። ከዚያ የክፍል ኃላፊዎች በየማዕረጋቸው ተከተሉ። አለመፈተሽ እንደ ቆዳ ወንበር የሹመት ምልክት ሆነ። በመጨረሻ የሚፈተሽ አንድ ፎልደር ቀረ፤ የጸሐፊዋ የትርፌ።

እሷ ነፃ ልሁን ብላ አልጠየቀችም። ይኼም እንደ ንቀት ተቆጠረባት።

ትርፌ ከሁለት ዓመት በፊት የአንድ አባል ካርታ ከኮምፒውተሯ ጠፍቶ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቷታል። ከዚያ ወዲህ ብዙ አታወራም። ዓርብ ዓርብ ሌላው ምሳ ሲወጣ እሷ ቁጭ ትላለች። ፎልደሯም ጉድ ነው፤ አንቲቫይረሱ እሱን ብቻ ለመፈተሽ አርባ ደቂቃ ይፈጅበታል።

«ፊልም ነው የሞላችበት» ይላሉ ወይዘሮ ዕፀገነት።

አንድ ሰኞ ጠዋት የአባላቱ መዝገብ አልከፈት አለ። ካርታው፣ ውሉ፣ የዕጣው ዝርዝር፣ ሁሉም የማይነበብ ሆኗል። ወረቀቱማ «ዘመናዊ ሆነናል» ተብሎ አምና በኪሎ ተሽጦ፣ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ በርበሬ ተጠቅልሎበታል። ሦስት መቶ አባወራ ቤቴ ነው የሚልበት ማስረጃ አልነበረውም።

ትርፌ ደግሞ የለችም። አጎቷ ሞተውባት ቅዳሜ ወሊሶ ሄዳለች።

«ለቅሶ አለች?» አሉ አቶ ሀብተሥላሴ። «ለቅሶውስ እዚህ ነው!»

ወዲያው ኮሚቴ ተቋቋመ። ሦስቱም አባላት ከፍተሻ ነፃ ናቸው።

«የእኛ ፎልደር ንጹሕ ባይሆን ኖሮ ነፃ ይደረግ ነበር?» አሉ ወይዘሮ ዕፀገነት። ይኼ በቃለ ጉባኤ ሰፈረ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት እንዲህ ነው።

ኣሉላ ጉሮሮውን ጠረገ። «የተረፈው የእሷ ኮምፒውተር ብቻ ነው። ከፍቼ ልየው?»

«አየህ!» አሉ አቶ ሀብተሥላሴ። «ቫይረሱን ራሷ ስለለቀቀችው እሷን አልነካትም። እንዳትከፍተው! ሌላ ደግሞ ሊለቀቅብን ነው?»

ኣሉላ እንዲህ እንዳልሆነ ያውቃል። የሠርጉንም ፍላሽ ያስታውሳል። ግን ዝም አለ፤ ዝምታ በዚያ ቢሮ ዕድገት ያሰጣል።

ኮሚቴው ሁለት ነገር ወሰነ። ትርፌ ከሥራ ትሰናበት፤ ደብዳቤውንም ስትመለስ ዘበኛው በር ላይ ይስጣት። ፎልደሯ ደግሞ ሳይከፈት፣ እንዳይመለስ ሆኖ ይደምሰስ።

ኣሉላ በቃለ ጉባኤው መሠረት ደመሰሰው። ረጅም ጊዜ ወሰደበት። አቶ ሀብተሥላሴ እስኪያልቅ ድረስ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ከጀርባው ቆመው ነበር።

ሲጨርስ ስልኩ ጠራ። ትርፌ ነች፤ ከለቅሶ ቤት፣ ድምፅዋ ተዘግቷል።

«ኣሉላዬ፣ ፋይሉ ሁሉ ጠፋ ሲሉ ሰማሁ፤ ኧረ አትጨነቁ፣ ዓርብ ዓርብ የሁላችሁንም ኮፒ እያደረግኩ እኔ ፎልደር ውስጥ አስቀምጣለሁ።»