ከኋላ ወንበር ሥር

ሦስተኛው ብሎን አልፈታ አለኝ። ሚኒባሱ ውስጥ በደረቴ ተኝቼ፣ ጭንቅላቴን ከኋላ ወንበር ሥር ከትቼ፣ ማሞቂያውን ከወለሉ ጋር ያሰረውን ብሎን በቁልፍ እታገላለሁ። አማቼ፣ የታናሽ እህቴ ባል፣ በኋላ በር በኩል ተንበርክኮ ባትሪ ያበራልኛል። መብራቱ ከብሎኑ ላይ ይሸሻል።

«እጅህን አጽና እንጂ» አልኩት።

«እሺ ጋሼ።»

ከሦስት ቀን ወዲህ እንቅልፍ በዓይኑ አልዞረም። እህቴ ሁለቱም እግሯ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ተቃጥሎ ሆስፒታል ተኝታለች። አደጋው በደረሰ ዕለት ጠዋት ወደ ሥራ ሲያደርሳት፣ የፊቱን ወንበር ለአንዲት ተሳፋሪ አሮጊት ለቃ ኋላ ተቀመጠች። በረደኝ አለችው። የኋላውን ማሞቂያ ከፈተላት። ብዙም ሳይርቁ ከሞተሩ የሚመጣው የፈላ ውሃ ከወንበሯ ሥር ፈንድቶ እግሯ ላይ ፈሰሰ።

«አውጣልኝ። ዳግመኛ ዓይኔ እንዲያየው አልፈልግም» ብሎ ነው ዛሬ ከምሳ በኋላ መኪናውን ጋራዤ ይዞት የመጣው።

ብሎኑ ላይ ዘይት አንጠባጥቤ ትንሽ ጠበቅኩና እንደገና ሞከርኩ። ተፈታ። ማሞቂያውን ወደ ጎን ሳዘነብለው ከኋላው አረንጓዴ ነገር ብቅ አለ።

አይቼው ነው ያስታወስኩት ብል ውሸት ይሆናል። ስለ አደጋው ስልክ ከተደወለልኝ ደቂቃ ጀምሮ አውቄዋለሁ።

ከሁለት ወር በፊት የዚህን መኪና ሞተር የቀየርኩት እኔ ነኝ። የድሮው ሲሞት ከሌላ ዓይነት መኪና የወጣ ሞተር ገጠምኩለት፤ የውሃ መውጫው ግን በተቃራኒው ጎን ሆነ። ወደ ኋላ የሚሄደውን ቱቦ በአዲስ መንገድ አዙሬ ሳመጣው፣ ማሞቂያው ጋ ሊደርስ አንድ ስንዝር አጠረኝ። ቅዳሜ ከሰዓት ነበር። የፈላ ውሃ የሚችል ጎማ እጄ ላይ አልነበረም። አትክልት ከማጠጣበት ጎማ ላይ አንድ ስንዝር ቆርጬ ቀጠልኩት። በዚህ ሙቀት ማሞቂያ ማን ይከፍታል፣ ሰኞ እቀይረዋለሁ አልኩ። ሰኞ ሌላ መኪና ገባ።

ሰፈሩ «ዶክተር» ነው የሚለኝ፤ በእጁ የሞተ ሞተር የለም ብሎ። አደጋው በደረሰ ማታ ቤተሰቡ እናታችን ቤት ተሰበሰበ። እማዬ «አደራ ብዬ የሰጠሁህን ልጅ ቀቀልክብኝ!» ብላ አማቼ ላይ ስትጮህ አንገቱን ደፍቶ ዋጠው። ከዚያ አጎቴ ወደ እኔ ዞሮ «እስቲ ዶክተር፣ ዕቃው ምን ሆኖ ነው?» አለኝ።

«አርጅቷል» አልኩ። «ሹፌር ደግሞ መኪናውን ማወቅ ነበረበት።»

አፌ እንዴት እንደታዘዘልኝ እስካሁን አላውቅም።

አሁን ጎማው መዳፌ ላይ ነው። ከጫፍ እስከ ጫፍ ተተርትሯል። እጅጌዬ ውስጥ ብሸጉጠው ማንም አያየውም። ማሞቂያው ወደ ቁርጥራጭ ብረት ክምር ይሄዳል፣ እህቴ ትድናለች፣ እሱ የእኔን ጥፋት ተሸክሞ ይኖራል። ጣቶቼ እንዲያውም ሊያጥፉት ጀምረው ነበር።

«ጋሼ» አለኝ ከበሩ በኩል። «የሚያንገበግበኝ ምን እንደሆነ ታውቃለህ? እሷው ናት የምታጽናናኝ። ትናንት ነርሷ ፋሻውን ስትፈታላት፣ እጄን ጭምቅ አድርጋ ይዛ ‹አንተ እኮ እንዲሞቀኝ ብለህ ነው› አለችኝ። ምነው በሰደበችኝ!»

እየተሳብኩ ከወንበሩ ሥር ወጣሁ። ጎማውን ዘረጋሁለት።

«ይሄን እየው።»

አበራበት። «ምንድን ነው?»

«የአትክልት ማጠጫ ጎማ። የፈላ ውሃ አይችልም። ሞተሩን ስቀይር እኔ ነኝ የቀጠልኩት።»

አየኝ። ጎማውን አየ። መልሶ አየኝ።

«አንተ ምንም አላጠፋህም» አልኩት። «እማዬ ስትጮህብህም እያወቅኩ ነው ዝም ያልኩት።»

ይመታኛል ብዬ ጠበቅኩ። ቢመታኝ ይቀለኝ ነበር። ጎማውን ከእጄ ወስዶ አገላበጠው፤ የተተረተረበትን በአውራ ጣቱ ቀስ ብሎ ዳበሰው። ባትሪውን አጠፋ።

«ጨርስ» አለ በመጨረሻ።

«ምኑን?»

«ሥራህን።»

ጨረስኩ። ማሞቂያውን ተሸክሜ አወጣሁ። ወደ ኋላ የሚሄዱትን ቱቦዎች ከሞተሩ ላይ ነቅዬ፣ ሁለቱን የውሃ አፎች በወፍራም ጎማ እርስ በርስ አገናኘኋቸው። ማሰሪያዎቹን አጠበቅኩ፤ ደግሜ አጠበቅኩ፤ አሁንም አላመንኩምና ለሦስተኛ ጊዜ ነካካኋቸው። ውሃ ሞላሁ። እሱ ሞተሩን አስነሳ። የሙቀቱ መርፌ መሃል እስኪደርስ ድረስ ጠበቅን። አንድ ጠብታ አልወረደም።

እጄን ታጥቤ ስመለስ መሪው ላይ ተቀምጧል።

«ግባ። የመጠየቂያው ሰዓት አላለፈም። አንተው ትነግራታለህ። ከዚያ ደግሞ እናታችሁ ቤት።»

«ጋሼ» የሚለው ቃል ከአፉ አልወጣም። እናታችን ማለቱም ቀርቷል።

ወደ ፊት በር ሄድኩ። ጎማውን ከጎኑ ባለው ወንበር ላይ አስቀምጦታል፤ ሊያነሳው እጁን አላንቀሳቀሰም። ዞሬ በኋላ በር ገባሁና እህቴ የነበረችበት ቦታ ተቀመጥኩ። ወለሉ ስነቅል በተንጠባጠበው ውሃ ገና እርጥብ ነው፤ ማሞቂያው የነበረበት ቦታ ላይ የብሎኖቹ ቀዳዳዎች ብቻ ቀርተዋል።

መኪናው ተነቃነቀ። እግሬን የት እንደማሳርፈው ጠፋኝ።